በረዶ የሰራ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ለምትፈልጉ፣ እቺን ሴት ሳታናግሩ እንዳትገቡ

እግዚአብሔር ይስጣት ከማለት ውጪ ምን እንደምላት አላውቅም። በዚህ በዓል በረዶ የሰራ ሐይቅ ውስጥ ገብቼ በሰላም ወጥቻለሁ፣ ደስ ብሎኝም ወጥቻለሁ፣ ይሄ ሁሉ የአንዲት አሰልጣኝ ስራ ነው። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለለመነችኝ እዚህ አልጽፈውም፣ የፈለገ ሰው በኢንቦክስ ይጠይቀኝ።

ግን መጀመሪያ ያንገበገበኝን ልናገር። ከሷ በፊት ሌላ ቦታ ተመዝግቤ ነበር፣ የማን እንደሆነ ይቅር። ማስታወቂያው ሲያዩት ያምራል። ስንሄድ የሰው ብዛት፣ ሙዚቃ፣ ካሜራ፣ አንድ ሰው እንኳ ልብሽ ደህና ነው ወይ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔ ደግሞ የደም ግፊት አለብኝ። መውጫው አንድ መሰላል ብቻ ነው፣ እሱም ይወዛወዛል፣ ሰዉ በዋና ልብስ ተሰልፎ ንፋስ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰውነት ያሞቃል ተብሎ መጠጥ ሲታደል ነበር፣ ያውም ከውሃው በፊት! አንዷ ልጅ ገና እስከ ወገቧ ስትገባ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲልባት አስተባባሪው ምን ቢላት ጥሩ ነው፣ "ሌዊስ ፒው የሚባለው ዋናተኛ ሰሜን ዋልታ ላይ 1 ኪሎሜትር ዋኝቷል፣ አንቺ አንድ ደቂቃ ያቅትሻል?" ብሎ ሰው አሳቀባት። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች፣ እኔም ጃኬቴን ሳላወልቅ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ብጽፍ ብጽፍ መልእክቴን ያዩታል፣ ያልፉታል። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለምን አልተውሽውም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዓል ሲመጣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም፣ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ እኔ ግድግዳ ሳይ መዋል ሆነ ስራዬ። እሷ ውሃ ትወድ ነበር፣ ልጅ ሆነን ዋና ያስተማረችን እሷ ናት። እና በበዓል ቀን ውሃ ውስጥ መሆን ፈለግኩ፣ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የእህቴ ጓደኛ ናት ይቺን አሰልጣኝ የጠቆመችኝ። ስደውልላት ከስሜ ቀጥሎ የጠየቀችኝ የምወስደውን መድኃኒት ነው። የግፊት እንዳለብኝ ስነግራት "ሐኪምሽ ይሁን ሳይል አላስገባሽም" አለችኝ፣ እንኳን ልታስገባኝ ቀብድ ልላክ ብላት እንኳ አልቀበልም አለች። ሐኪሜ መርምሮኝ በአጭሩ ከሆነ ይቻላል እስኪል ድረስ ጠበቀችኝ። ከዛ በኋላ ሐይቁ ገና በረዶ ሳይሰራ ጀምራ ትንሽ ትንሽ እያደረገች አለማመደችኝ። ያንን የሰሜን ዋልታውን ነገር ሳነሳባት "ሰውየው እ.ኤ.አ በ2007 ያንን ሲያደርግ ዝግጅትም ነበረው፣ ቡድንም ነበረው፣ ሰው ማሸማቀቂያ አይደለም" አለችኝ፣ እንዴት አንጀቴን እንዳራሰችው!

የበዓሉ ቀን ስደርስ እሷ ቀድማ በረዶውን ቀዳዳ ከፍታ፣ መሰላሉን አስራ፣ እግር እንዳያንሸራትት እስከ አፉ ድረስ ምንጣፍ ዘርግታለች። ቁጭ ብላ ቀዳዳው ላይ የሚንሳፈፈውን የበረዶ ስባሪ እየጨለፈች ትጥላለች፣ ለምን ስላት "እንደ ጠርሙስ ነው፣ ቆዳ ይቆርጣል፣ ሲደነዝዝሽ ደግሞ መቆረጥሽን አታውቂውም" አለች። የዛኛው ቦታ ሰዎች ይሄን አስበውት ያውቃሉ?

ደግሞ አንድም ነገር ሳትነግረኝ አላስገባችኝም። 1 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት በይ አለችኝ። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያሳጣው ነው፣ እስኪረጋጋ መዋኘት የለም፣ ራስን ማስጠለቅማ ጭራሽ። ከዛ ወደ 10 ደቂቃ ነው እጅና እግር የሚታዘዘው፣ በብርድ ራስን ለመሳት ግን እስከ 1 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ አትደንግጪ ነው ነገሩ። ውሃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ በ25 እጥፍ ገደማ ቶሎ ይወስዳልም ብላኛለች።

ከዛ ቀድማኝ ገባች! እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማ እጇን ዘርግታልኝ "አይን አይኔን እይ፣ አስወጪ... አስወጪ... አሁንም አስወጪ" ትለኛለች፣ ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ሳቢ ብላኝ አታውቅም፣ ማስወጣት ብቻ። ደረቴ በገመድ የታሰረ መስሎኝ ነበር፣ ድምጿን እየሰማሁ ቀስ በቀስ ተፈታ። ትንሽ ዋኘሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ እናቴን ጠራኋት። ገና ደስታውን ሳልጠግበው "በቃሽ፣ ውጪ" አለችኝ፣ ትንሽ ልቆይ ብላት እሺ አላለችም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከወጣሁ በኋላ ያለውን ነው። ደህና ነኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እጄ ግን የጃኬቴን ዚፕ መያዝ አቃተው። ሰውነት ከውሃ ከወጣም በኋላ ከውስጥ መቀዝቀዙን ይቀጥላል ብላኝ ነበርና ለዛ ነው መሰለኝ አይኗን አልነቀለችብኝም። እሷ ራሷ እርጥብ ናት፣ አንድ ፎጣ ጣል አድርጋ በረዶው ላይ ተንበርክካ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ አድርቃ የሱፍ ካልሲ አጠለቀችልኝ። ኮፍያዬን እስከ ጆሮዬ ስባ፣ ከፔርሙሱ ትኩስ ነገር ቀድታ፣ አሁኑኑ የፈላ ሻወር ውስጥ እንዳትገቢ ቀስ ብለሽ ሙቂ ብላ መንቀጥቀጤ እስኪተወኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

እባካችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ ያገኛችሁት ቦታ አትግቡ፣ ብቻችሁን ደግሞ በፍጹም። የምር እላችኋለሁ እንደሷ አይነት ሰው አላየሁም፣ ጎበዝ ናት፣ ጥንቁቅ ናት፣ ሩህሩህ ናት። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ስለማትወስድ ቦታዋ ቶሎ ይሞላል፣ በዓሉ ሲደርስ ሳይሆን አሁኑኑ ደውሉላት፣ ከመደወላችሁ በፊት ግን የምትወስዱትን መድኃኒት ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ትጠይቃችኋለች።