የግራንት አጻጻፍ ሥልጠና፦ ለጎጃም ጀማሪ የጤና ተመራማሪዎች የትኛው ይሻላል?

በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩና የመጀመሪያ ግራንታችሁን (የምርምር ገንዘብ ማመልከቻችሁን) ልትጽፉ የተነሣችሁ፣ ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። የእኔን ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብቦ የሚያርምልኝ ማን ነው? እኔ ሥልጠናዎችን የምመዝነው በዚህ ነው።

ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ። በምሥራቅ ጎጃም ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘው የእግር ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ብዙ ገበሬዎችን ያሠቃያል። አብዛኞቻችን ከማስተርስ ጥናታችን የለመድነው ዓላማ «የበሽታውን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች መገምገም» የሚል ነው። ለመመረቂያ ይበቃል፤ ለገንዘብ ሰጪ ግን አይበቃም። ገምጋሚው ጎልቤት የተባለውን፣ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ያውቃል፤ ቀላል የእግር እንክብካቤ በበሽታው ላይ የሚነሣውን አጣዳፊ የእግር መቆጣትና ሕመም እንደሚቀንስ ታይቷል። ስለዚህ የሚጠብቀው ቀጣዩን ጥያቄ ነው፦ «ይህ እንክብካቤ ያለ ተመራማሪ ድጋፍ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ሊዘልቅ ይችላል ወይ?» ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛው የሚያሻግራችሁ ጽሑፋችሁን ያነበበ ሰው እንጂ የስላይድ ገለጻ አይደለም።

በሆቴል የሚሰጠው የጥቂት ቀናት ሥልጠና ትልቁ ጥቅሙ ከክፍለ ጊዜና ከፈተና እርማት ማላቀቁ ነው። ሆኖም መርሐ ግብሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከግማሽ በላይ ሰዓቱ ለመጻፍና ለመተራረም ካልተመደበ፣ አንድ አሠልጣኝም ለብዙ ሰው ከሆነ፣ ይቅርባችሁ።

ኦተርኤድ (AuthorAID) የተባለው ተመራማሪዎችን የሚደግፍ ዓለም አቀፍ መረብ በነጻ የሚሰጣቸው የበይነ መረብ ኮርሶች ሳምንታት ስለሚወስዱ ኢንተርኔት ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥም ተመልሶ መቀጠል ይቻላል። ተሳታፊዎች እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ አማካሪ የሚገኝበት መድረክም አለው። ችግሩ የሚያርማችሁ ባልደረባ እንደናንተው ጀማሪ ሊሆን መቻሉ ነው።

በዶላር የሚከፈልባቸው የውጭ ኮርሶች በአብዛኛው ለአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ማመልከቻ ያዘጋጃሉ፦ የአንድ ገጽ ዝርዝር ዓላማ፣ ገምጋሚዎች ከ1 እስከ 9 የሚሰጡት ነጥብ (1 ምርጡ ነው)። ለአውሮፓ ለጋሽ የምታመለክቱ ከሆነ ግን ብዙው አይጠቅማችሁም። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመምህር ደመወዝ የሚደፈር አይደለም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ደግነቱ የዚያው ተቋም የአለርጂና ተላላፊ በሽታዎች ክፍል ገንዘብ ያገኙ ማመልከቻዎችን፣ አንዳንዶቹንም ከገምጋሚዎች አስተያየት ጋር፣ በነጻ አውጥቷል። እነዚህን ማንበብ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ለማመልከት የሚያስፈልገው የተቋማችሁ ምዝገባ በገንዘብ ሰጪው ሥርዓት ሳምንታት ሊፈልግ ስለሚችል የምርምር ጽሕፈት ቤታችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ይህን የትኛውም ሥልጠና አይፈታውም።

ከኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ምርጫዬ ግልጽ ነው። ነጻውን ኮርስ ውሰዱ፣ የተሳኩትን ማመልከቻዎች አንብቡ፣ ገንዘባችሁንም ቀድሞ ግራንት ላሸነፈና የዓላማ ገጻችሁን ሁለት ጊዜ ለሚያነብላችሁ ሰው አውሉት። መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ የሆቴሉን ውሰዱ፤ ነገር ግን ረቂቃችሁን ይዛችሁ ግቡ።