ዎራዋ፦ ልጅቷን ከነቋንቋዋ የሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት

ሜልበርን ያለን ሐበሾች ሂልስቪልን የምናውቀው ለሽርሽር ነው። ልጆቹን ይዞ ካንጋሮ ማሳየት፣ ምሳ በልቶ መመለስ። እዚያው አካባቢ፣ ባራክ ሌን ላይ ግን ዎራዋ የሚባል የአቦርጂናል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝብ፣ ሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ልጆች የሚኖሩበት ግቢ ስለሆነ ዘው ተብሎ አይገባም። ስለ አሠራሩ ግን ብዙ ወላጅ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1983 ሂለስ ማሪስ የተባሉ፣ ዮርታ ዮርታ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ የሆኑ ሴት ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ለረጅም ጊዜ የመሩት እህታቸው ሎይስ ፒለር ናቸው፤ በ1968 ቬትናም ድረስ ሄደው ለወታደሮች የዘፈኑት ሴትዮ።

ትምህርቱ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሚመጡት በጣም ሩቅ ከሆኑ መንደሮች ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ለአንዳንዷ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋዋ ነው። ሌላ ቦታ ብትገባ ይህች ልጅ "ደካማ" ትባል ነበር። እዚህ የምትጀምረው ብዙ ቋንቋ እንደምትችል ልጅ ተቆጥራ ነው። እኔን በጣም ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ትምህርቱ፣ ጤናውና ባህሉ አብረው ነው የሚሄዱት። ጤናው ምን አገናኘው ለሚል፣ ጆሮን ብቻ እንይ። በሩቅ የአቦርጂናል መንደሮች የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ሕፃናት ላይ ይበዛል፤ ሲመላለስባቸው ደግሞ የመስማት አቅማቸው ይቀንሳል። መምህሩ ካለው ግማሹን ያልሰማች ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ ስትቀመጥ ሰነፍ ናት ይሏታል። ጆሮዋን የሚያይላት ሰው ከሌለ ስንት መጽሐፍ ቢገዛላት ምን ዋጋ አለው? ባህሉም ቢሆን በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ ጭፈራ አይደለም። ዳዲሪ የሚሉት፣ በሰሜን አውስትራሊያ ካለው የዴሊ ወንዝ አካባቢ የአቦርጂናል ሕዝብ የመጣ ልማድ አለ፤ ዝም ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ ከልብ ማዳመጥ። ይህ የትምህርት ቤቱ ኑሮ አካል ነው።

ቦታውም እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በ1863 የተመሠረተው ኮራንደርክ የሚባል የአቦርጂናል ሰፈር መሬት ነው። ነዋሪዎቹ ለቢራ የሚሆን ሆፕስ እያመረቱ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። መሬታቸው እንዳይወሰድ መሪያቸው ዊልያም ባራክ ሰው አስከትለው እስከ ሜልበርን በእግራቸው እየሄዱ አቤት ብለዋል። በ1886 የወጣው ሕግ ግን ከ35 ዓመት በታች ያሉትን ቅይጥ ትውልዶች ከሰፈሩ አስወጣ፤ በ1924 ሰፈሩ ተዘጋ። አውስትራሊያ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ስንቱ ሕፃን ከእናቱ እየተነጠቀ ማሳደጊያ ገብቷል። ስለዚህ አንዲት አያት የልጅ ልጇን ለአዳሪ ትምህርት ቤት ስትሰጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህ ይገባቸዋል፤ በ1980ዎቹ የገቡት ልጆች ስማቸው በዕብራይስጥ ተቀይሮ አዳሪ ቤት መግባታቸውን ያስታውሳሉ። ዎራዋ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያቋቋሙትም የመሩትም ራሳቸው የአቦርጂናል ሴቶች ናቸው፣ ልጅቷም ማንነቷን በር ላይ ጥላ አትገባም።

የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ቢኖር ርቀቱ ነው። ገና የ12 ዓመት ልጅ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከእናቷ ትለያለች። ቤተሰብ ውስጥ ሰው ቢሞትስ? እነሱም ዘንድ እንደኛው ለቅሶ መቅረት ከባድ ነገር ነው። ይህ የትምህርት ቤቱ ጥፋት አይደለም። መንደራቸው ውስጥ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢኖር ኖሮ ብዙዎቹ ከቤት መውጣት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ መንግሥት ሊጠየቅበት የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱን ግን ከልቤ እመሰክርለታለሁ። መምህር ወይም ነርስ የሆናችሁ፣ በተለይ በሁለት ቋንቋ ያደጋችሁ፣ የሥራ ማስታወቂያቸውን ተከታተሉ።