የቦብ ዲለን ባርኔጣዎች፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ለፎቶ ይቅር?

የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲለንን ባርኔጣ ፈልጎ «የዲለን ባርኔጣ ስጠኝ» ብሎ ሻጭ ዘንድ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የየትኛውን ዓመት እንደሚፈልግ መናገር አለበት። የ1961ዱ ሌላ፣ የ1975ቱ ሌላ፣ የ1993ቱ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዕቃ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የተሠሩበትም፣ የሚያበላሻቸውም ነገር አይገናኝም። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ደህና ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የ1975ቱ ነው።

በትንሿ ቆብ እንጀምር። ሴፕቴምበር 1961 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣው የሙዚቃ ሐያሲ ሮበርት ሼልተን ገርድስ ፎክ ሲቲ በተባለው የኒውዮርክ የሙዚቃ ቤት ሲዘፍን የሰማውን የ20 ዓመት ወጣት ለአንባቢ ሲያስተዋውቅ፣ ጥቁሯን የኮርዱሮይ (ሸንተረር ያለው ጨርቅ) ቆብ ሳይጠቅስ አላለፈም። በ1962 በወጣው የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ላይም ቆብ ደፍቶ ይታያል። ከሁሉም ርካሿም ታጋሿም ይህቺ ናት። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ውሃ አይፈራም፤ የሚፈራው ከግንባር በላይ በሚወጣው መከለያ ውስጥ የተሰፋው ነገር ነው። በአሮጌ ቆቦች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ካርቶን አለ፤ አንዴ ከራሰ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ መልሶ አይቃናም። በአዲሶቹ ፕላስቲክ ነው። ለመለየት መከለያውን በጣት ቀስ አድርጎ ማጠፍ ይበቃል፤ ፕላስቲኩ ፈጥኖ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ካርቶኑ ይለግማል። ፕላስቲክ ያላትን በ30 ዲግሪ ውሃ በእጅ አጥቦ፣ ሳይጠመዝዙ፣ በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ማድረቅ ነው። ካውያ በውጭ በኩል ከነካት ሸንተረሩ ይተኛና ያብረቀርቃል፤ የግድ ከሆነ ከውስጥ በኩል ይተኮስ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ባርኔጣው የራሱ ፀጉር ነበር። በ1966 በሴት ባርኔጣ የሚያሾፍ ዘፈን ያካተተበት አልበም ሽፋን ላይ እንኳ ባዶ ራሱን ነው። በ1969ኙ ሽፋን ግን፣ ኤሊየት ላንዲ ከታች ወደ ላይ ባነሳው ፎቶ፣ በአንድ እጁ ጊታር ይዞ በሌላው የባርኔጣውን ክንፍ እየነካ ሰላምታ ይሰጣል። ሳይታወቅ ጥሩ የአያያዝ ትምህርት ወጥቶታል፦ እጁ ያለው ክንፉ ላይ ነው እንጂ አናቱ ላይ አይደለም። ፌልት (ከተጠላለፈ ፀጉር የተሠራ) ባርኔጣ ከፊት በተቆነጠጠው ጉድጓድ እየተያዘ በተነሳ ቁጥር ያ ቦታ ይሳሳል፤ የጣት ቅባትም ይጠጣል፤ ውሎ አድሮ ልክ በእጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ጊታር የያዘ ሰው አንድ እጅ ብቻ ስላለው ይቅር ይባላል። ሁለት እጅ ያለው ሰው ግን ከፊትና ከኋላ ክንፉን ይዞ ያንሳ።

ወደ ዋናው እንምጣ። ኦክቶበር 30፣ 1975 በፕሊመዝ፣ ማሳቹሴትስ በተጀመረው፣ ሮሊንግ ተንደር በተባለው የኮንሰርት ጉዞ ዲለን ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ክንፈ ሰፊ ፌልት ባርኔጣ ደፍቶ፣ በሪባኑ ላይ አበባና ላባ ሰክቶ ይወጣ ነበር። ይህን የሚመስል ለመግዛት ክንፉ 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ጠርዙ ያልተቀመቀመና በጣም ያልደረቀ ይፈለግ። 6 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያለው ተራ ፌዶራ የዚያን ዘመን ቅርጽ አይሰጥም፤ የጸሐፊ ባርኔጣ ይመስላል።

ፌልት ሳይፈተልና ሳይሸመን በሙቀት፣ በእርጥበትና በግፊት እርስ በርሱ እንዲጠላለፍ የተደረገ ፀጉር ነው። ልዩነቱ ፀጉሩ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። የበግ ሱፍ ርካሽ ነው፣ ሲርስ ግን ይሟሽሻል፣ ሲደርቅ ይጠባል፣ ክንፉም ይወዛወዛል። የጥንቸል ፀጉር ይበልጥ ቀጭንና ጥብቅ ሆኖ ስለሚጠላለፍ ቅርጹን ይይዛል። የቢቨር ከሁሉም ጥብቅ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። በአሜሪካ ባርኔጣዎች ውስጥ የሚታተመው፣ የፌልቱን ጥራት ያሳያል የሚባለው የ«ኤክስ» (X) ምልክት ብዛት ሁሉም ሠሪ የሚስማማበት መለኪያ ስላልሆነ የአንዱን 6 ኤክስ ከሌላው 6 ኤክስ ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። ለዚህ ቅርጽ የጥንቸሉ ይበቃል። ሱፉን የሚገዛ ክንፈ ሰፊ ባርኔጣ ከአንድ ዝናብ በኋላ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይወቅ።

ልክ የሚወሰደው ከጆሮ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በግንባር መሃል ዙሪያውን በሜትር ነው። 58 ሴንቲ ሜትር በአሜሪካ ቁጥር 7 ከ1/4 ነው፤ ከዚያ በላይም በታችም ለ1 ሴንቲ ሜትር 1/8 ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። በሁለት ቁጥር መሃል የወደቀ ሰው ትልቁን ይውሰድ፤ በባርኔጣው ውስጥ ግንባር በሚያርፍበት ዙሪያ ከተሰፋው ቆዳ ኋላ ቀጭን የስፖንጅ ቁራጭ አስገብቶ ማጥበብ ቀላል ነው፣ ጠባቡን ማስፋት ግን ፌልቱን ያስጨንቃል።

አሁን አበባውና ላባው፤ ብዙ ባርኔጣ የሚገደለው እዚህ ላይ ነው። ስፒል በፌልቱ ውስጥ ማሳለፍ አያስፈልግም፤ ቀዳዳው በእንፋሎት ትንሽ ቢጠብም ምልክቱ አይጠፋም። የላባው ግንድ በግራ በኩል፣ የሪባኑ ቋጠሮ ካለበት፣ በሪባኑና በፌልቱ መሃል ይገባል። ሪባን በአብዛኛው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው የሚሰፋው፤ ክብደት ከበዛበት ይላላና ወደ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ላባው ከሚገባበት ግራና ቀኝ በሪባኑ ቀለም ክር በየጎኑ አንድ ጊዜ መስፋት ነው። እውነተኛ አበባ ለአንድ ምሽት ያምራል፤ ግንዱ የሚያወጣው ውሃ ግን በሪባኑ ሥር የማይለቅ ክብ እድፍ ይተዋል። የጨርቅ አበባ ይሻላል፣ ወይም ግንዱ በሰም ይታሸግ።

ፊት የሚቀባ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ቅባት ያለው ነጭ ቀለም ከላብ ጋር ወደ ውስጥ ቆዳው ይሰርጋል፣ ከቆዳው ወደ ፌልቱ ያልፋል፣ ከሳምንታት በኋላ በውጭ በኩል ከሪባኑ በላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። እዚያ ከደረሰ አይለቅም። መፍትሔው ግንባር ላይ፣ ቆዳው ከሚያርፍበት 1 ሴንቲ ሜትር በታች ቀለሙን ማቆም፣ ከመድረክ በኋላም ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጦ ጠርጎ ሌሊቱን እንዲናፈስ መተው ነው።

በዚያው ጉዞ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ሜይ 23፣ 1976 ፎርት ኮሊንስ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በዝናብ በተቀረጸው ኮንሰርት ዲለን በባርኔጣ ፈንታ ሻሽ አስሮ ነበር። ለፌልት ባለቤት በዝናብ ቀን ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። ባርኔጣው በዝናብ ቢመታ ግን ጸጉር ማድረቂያ፣ ምድጃና ፀሐይ የሚመታው የመኪና መስኮት ሦስቱም ጠላቶቹ ናቸው፤ ቆዳው ሲኮማተር ፌልቱን ጎትቶ ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጦ በቆዳው ላይ ማቆምና በክፍል ሙቀት እስኪደርቅ መታገስ ነው። ከዚያ የተጣመመውን ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር አርቆ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እንፋሎት አስነክቶ፣ በእጅ አስተካክሎ፣ እስኪቀዘቅዝ መያዝ። ትኩስ ሳለ ከተለቀቀ ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል።

በ1993ቱ አልበም ሽፋን ላይ፣ ለንደን ካምደን ውስጥ በተነሳው ፎቶ፣ ረጅም ሲሊንደር ባርኔጣ አድርጎ ተቀምጧል። ያምራል፤ አይገዛም። የድሮዎቹ ከውጭ የሚሸፈኑበት የሐር ጨርቅ መሸመን ካቆመ አሥርት ዓመታት ስላለፉ ገበያ ላይ ያሉት አሮጌዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ለዛሬ ሰው ጭንቅላት ጠባብ ናቸው። ቅርጹን የሚይዘው በሼላክ (ከነፍሳት በሚገኝ ሙጫ) የደነደነ ጨርቅ ነው፤ ሼላክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲያረጅ ደግሞ እንደ ብስኩት ይሰበራል። የግድ የሚፈልግ ሰው በፌልት የተሠራውን ይውሰድ። በዝቅተኛ በርና በመኪና ውስጥ ምን እንደሚያደርገው ያስብበት።

ከ2000ዎቹ ወዲህ የምዕራቡ ዓይነት፣ ክንፉ ዘርጋ ያለ ባርኔጣ አዘውትሯል። በ2002 ወደ ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ሲመለስ ነጭ የካውቦይ ባርኔጣ፣ ዊግና ሰው ሠራሽ ጢም ይዞ ነው የመጣው። ነጭ ፌልት የጣት አሻራ ሁሉ ይመዘግባል፤ ደረቅ ቆሻሻውን በለስላሳ ስፖንጅ፣ ቅባቱን የጠመኔ ዱቄት ነስንሶ ከሰዓታት በኋላ በብሩሽ ማራገፍ ይረዳል። ለመድረክ ግን የዚህ ቅርጽ ችግር ሌላ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ዘርጋ ያለ ክንፍ ከላይ የሚመጣውን መብራት ጋርዶ ፊትን ያጨልማል፣ ዘፋኙ ጎንበስ ሲል ማይክሮፎኑን ይመታል። ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ መግፋት ሁለቱንም ያቃልላል። ሃርሞኒካ ለሚነፋ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ መጀመሪያ ሃርሞኒካውን አንገት ላይ የሚይዘው መያዣ፣ ቀጥሎ የጊታሩ ማሰሪያ፣ ባርኔጣው በመጨረሻ። ሲወልቅ ግን ባርኔጣው ይቅደም።