የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ሲስተም ሲበላሽ መልሶ የማስነሳቱን የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ማን ይያዘው? ኮንትራክተሩ ወይስ መንግሥት?

ኮንትራክተር ሲይዘው ባለሙያ አለ፣ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ውል ላይ ቅጣትም ይጻፋል። ጥሩ ነው። ግን በኦገስት 2010 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ኖርዝሮፕ ግሩማን የተባለ ኩባንያ በኮንትራት በሚያስተዳድረው ሲስተም ላይ የመረጃ ማከማቻው ተበላሸና 26 መሥሪያ ቤቶች ተስተጓጎሉ፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ ለቀናት መስጠት አልተቻለም። ኩባንያው ኋላ ላይ ካሳ ከፈለ። መስኮት ላይ ቆሞ የተመለሰው ሰው ግን የሚያውቀው መሥሪያ ቤቱን እንጂ ኩባንያውን አይደለም።

መንግሥት ራሱ ቢይዘውስ? ተጠያቂው ግልጽ ነው፣ ያ ብቻውን ግን አያድንም። በሴፕቴምበር 2025 ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር የባትሪ እሳት ተነሳ። ከ600 በላይ ሲስተሞች ቆሙ፣ የሠራተኞች የጋራ ፋይል ማከማቻ የሆነው ጂ-ድራይቭ ደግሞ ሌላ ቦታ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ስላልነበረው 858 ቴራባይት መረጃ ወደመ።

እኔ ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጥቼ፣ አንድ ሙሉ ቅጂ ሌላ ከተማ በመንግሥት እጅ ይቀመጥ እላለሁ። ውሉም ሲስተሙ በስንት ሰዓት እንደሚመለስና የስንት ሰዓት መረጃ ቢጠፋ እንደሚፈቀድ በቁጥር ይጻፍ። ባክአፑን በትክክል መልሶ የማስነሳት ሙከራም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባለበት ይደረግና እሱ ይፈርምበት።