ጥቁሩ ሐዲድ ይውጣ፣ ባቡሩ ይቅር፦ የባችማን ማስጀመሪያ ስብስብ ሲፈተሽ

የሞዴል ባቡር ሠሪው ባችማን ኤችኦ በሚባለው ልክ የሚያወጣው ማስጀመሪያ ስብስብ በአንድ ካርቶን ተሟልቶ የሚመጣ ነው። ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ሦስት ፉርጎ፣ ሐዲድ፣ ትራንስፎርመርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይዟል። በልጅነቱ የአሻንጉሊት ባቡር ሲነዳ ኖሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ኪሱን ሳይጎዳ ሊመለስበት ለሚፈልግ፣ በተለይ አሜሪካ ለሚኖር ሰው በቀላሉ የሚገኘው ይሄ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ሎኮሞቲቩ ለዋጋው ጥሩ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ለአንድ ባቡር ይበቃል። ደካማው ሐዲዱ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሐዲዱን ትቶ ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ይገዛና ሁለቱም ሲቆሙበት ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ኤችኦ ማለት ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ተዉትና የቦታውን መጠን አንብቡ። 47 በ38 ኢንች (119 በ97 ሴንቲሜትር ገደማ) የሚል ከሆነ 12 ጎባጣና 2 ቀጥ ያሉ ሐዲዶች አሉት፤ ከቀጦቹ አንዱ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው። 56 በ38 ካለ ቀጦቹ 4 ይሆናሉ። ጎባጣዎቹ ባለ18 ኢንች ራዲየስ ናቸው፤ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ ስለሚዞር 12ቱ ሙሉ ክብ ይሠራሉ። ይህ ጠባብ ኩርባ ነው። ባለአራት አክስል (ጎማዎቹን የሚያያይዝ ዘንግ) የዲዝል ሎኮሞቲቭና አጭር የጭነት ፉርጎ ሳይቸገሩ ያልፉታል። ባለስድስት አክስል ትልቅ ዲዝል 22 ኢንች ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ ደግሞ 22ም ሊጠበው ይችላል። ስለዚህ በሥዕል ላይ ያማረ ረጅም የመንገደኛ ባቡር ከመግዛታችሁ በፊት ኩርባችሁን ለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሐዲዱ ኢዚ ትራክ ይባላል፤ ከሥሩ ጠጠር የሚመስል የፕላስቲክ መደብ አለው፣ ጠቅ ብሎ ይጋጠማል። የመደቡ ቀለም ለውበት ብቻ የተቀባ አይደለም። ጥቁር ከሆነ ሐዲዱ ተራ ብረት ነው፣ ግራጫ ከሆነ ኒኬል ሲልቨር ነው። (ስሙ ሲልቨር ቢልም ብር የሚባል ነገር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው።) ብዙዎቹ ማስጀመሪያ ስብስቦች የሚመጡት ከጥቁሩ ጋር ነው። ብረት ደግሞ ይዝጋል፣ በተለይ እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሰመሩ ወበቃም በሆነበት አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ ከተቀመጠ። ዝገቱ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ በተቋረጠ ቁጥር በጎማውና በሐዲዱ መካከል ትንሽ ብልጭታ ይነሣል፣ ብልጭታው ጎማውን ያጠቁራል፣ የጠቆረው ጎማ ደግሞ መልሶ ሐዲዱን ያቆሽሻል። ምልክቱን ለማወቅ አይከብድም፦ የፊት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ባቡሩ በዝግታ ሲሄድ ይደናቀፋል፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይነሣል። ይህን ያየ ሁሉ ሞተሩን ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ጥቁሩን ለጊዜው የምትጠቀሙበት ከሆነ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ጥረጉት፤ ጨርቁ ጥቁር መያዙን እስኪያቆም ድረስ። ብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉት፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይቋጥራል፣ ብረቱም ቶሎ ይዝጋል። የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ብናኙን የሞተሩ ማግኔት ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ለመቀየር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ግራጫው ባለ18 ኢንች ጎባጣ በአንድ ማሸጊያ 4 ሆኖ ይሸጣል፣ ስለዚህ 3 ማሸጊያ ክቡን ይሞላል። ባለ9 ኢንች ቀጡም እንዲሁ 4 በአንድ ነው፤ 1 ማሸጊያ ይበቃል። ጥቁሩና ግራጫው እርስ በርስ ስለሚጋጠሙ ኤሌክትሪክ የሚገባበትን ጥቁር ቁራጭ መጀመሪያ ላይ እዚያው ትታችሁ ኋላ መለወጥ ትችላላችሁ። የተረፉትን ጥቁሮች አትጣሏቸው፤ ባቡር ለማቆሚያ ብቻ የሚያገለግል የሞተ መስመር ይሠሩላችኋል።

ሐዲድ መቀየር ብቻውን ግን ከሐዲድ መውጣትን አያስቀርም። ትልቁ ጥፋት ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። የአንዱ ሐዲድ ጫፍ የማያያዣዋ ቀጭን ብረት ውስጥ መግባት ሲገባው በላይዋ ላይ ይወጣና የፕላስቲኩ መደብ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል። በጥፍራችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ዳስሱ። ጥፍር ከያዘ ጎማም ይይዛል። ስትነቅሉ ደግሞ እንደ ዱላ አትስበሩት፤ ሁለቱን ቁራጮች መሬት ላይ እንደተኙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ወደ ላይ ካጠፋችሁት የፕላስቲኩ ምላስ ይሰበራል፣ ከተሰበረ በኋላ የሚጠገን ነገር አይደለም።

ምንጣፍ ላይ አትዘርጉት። ክርና ፀጉር አክስሉ ላይ ይጠመጠማል፣ የማርሹን ጥርስ ያንቃል። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ 4 በ8 ጫማ፣ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው በቂ ነው፤ ትላልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች በፈለጋችሁት ልክ ይቆርጡላችኋል። ስፋቱ 48 ኢንች ስለሆነ ባለ18 ኢንቹ ክብ 38 ኢንች ወስዶ በየጎኑ 5 ኢንች ይተርፋችኋል። በባለ22 ከሠራችሁ ከጎን የሚተርፈው 1 ኢንች አካባቢ ብቻ ነው፤ ያኔ በጠርዙ ዙሪያ 2 ኢንች ከፍታ ያለው መከለያ ካልመታችሁ ከሐዲድ የወጣው ሎኮሞቲቭ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው።

የድሮ ባቡር ከዕቃ ማስቀመጫ ያወጣ ወይም ያገለገለ የሚገዛ ሰው ኪሱ ውስጥ የ9 ቮልት ባትሪ ይዞ ይሂድ። ሎኮሞቲቩን ገልብጡትና የባትሪውን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ ላይ ንኩ። ጎማው ከዞረ ሞተሩ በሕይወት አለ። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልዞረ፣ ወይም ሐዲድ ላይ ሲሄድ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰጠ፣ አክስሉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቋል ማለት ነው። በድሮዎቹ ላይ የተለመደ በሽታ ነው፤ ምትክ ጥርሱ የሚገኝለት ሞዴል ከሆነ ግዙት፣ ካልሆነ ዋጋውን እንደ መለዋወጫ ተከራከሩ። ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፦ የደረቀ ቅባት ይሆናል። የድሮውን ቅባት በአልኮል በጥርስ ብሩሽ አጽዱና ፕላስቲክ የማይበላ የሞዴል ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ በየዘንጉ ጫፍ ላይ አድርጉ። ዘይት ሲበዛ ወደ ሐዲዱ ወርዶ ባቡሩን ያንሸራትተዋል።

ጎማ ለማጽዳት ሶፍት በአልኮል ነክራችሁ ሐዲዱ ላይ አንጥፉ፤ የሎኮሞቲቩን ፊት ሶፍቱ ላይ፣ ኋላውን ደረቁ ሐዲድ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ይዛችሁ ኤሌክትሪክ ስጡት። የፊቶቹ ጎማዎች እዚያው ይዞራሉ፣ ቆሻሻቸውን ሶፍቱ ላይ ይተዋሉ። ከዚያ አዙሩት። ፉርጎዎቹ የፕላስቲክ ጎማ ካላቸው በብረት ቀይሩ፤ ለተለመደው የጭነት ፉርጎ 33 ኢንች የሚባለው ልክ ነው (በእርግጥ 33 ኢንች የእውነተኛው ጎማ ቁመት ነው)። የአክስሉ ርዝመት ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ መጀመሪያ አንድ ጥንድ ብቻ ገዝታችሁ ሞክሩ።

ክብደት ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው 1 አውንስ፣ ሲደመር ለእያንዳንዱ የፉርጎ ኢንች ግማሽ አውንስ ነው። 6 ኢንች ርዝመት ያለው ፉርጎ እንግዲህ 4 አውንስ፣ 113 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። የወጥ ቤት ሚዛናችሁ 85 ካሳያችሁ 28 ግራም ይጎድለዋል። የአሜሪካ የአምስት ሳንቲም ፍራንክ አንዱ 5 ግራም ስለሆነ 6 ፍራንክ ከጎማዎቹ በላይ ግማሽ በግማሽ ከፍላችሁ ውስጡ በኮላ ለጥፉ። ከ30 ሳንቲም ያነሰ ጥገና በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ አይመስለንም።

ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው መንጠቆም ይለያያል። የድሮዎቹ ቀንድ የሚመስል የፕላስቲክ መንጠቆ አላቸው፤ የአሁኖቹ እንደ እጅ ጣት የሚቆለፍ ነው፤ ሁለቱ አይያያዙም። ሁሉንም መቀየር ካልቻላችሁ አንድ ፉርጎ ብቻ ምረጡና በአንዱ ጫፍ የድሮውን ተዉ፣ በሌላው ጫፍ አዲሱን፣ ለምሳሌ ኬዲ የሚባለው ሠሪ የሚያወጣውን ቁጥር 5 መንጠቆ፣ ግጠሙ። ያቺ ፉርጎ አዲሱን ሎኮሞቲቭ ከድሮዎቹ ጋር ታስታርቃለች።

ዲጂታሉን መቆጣጠሪያ፣ እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ለየብቻ የሚያዘውን ዲሲሲ የሚባለውን፣ ለመጀመሪያው ዓመት እርሱት። ለአንድ ባቡር በአንድ ክብ ላይ ተራው ዲሲ መቆጣጠሪያ ምንም አያጎድልባችሁም፤ ሎኮሞቲቭ ስትመርጡ ብቻ ዲኮደር (የዲሲሲን ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ) የሚሰካበት ሶኬት ያለው ቢሆን ኋላ ይጠቅማል።

ቦታ ለሌለው ካቶ የሚባለው ሠሪ የሚያወጣው ዩኒትራክ ሐዲድ በኤን ልክ (1 ለ160፣ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊሜትር) ሁነኛ አማራጭ ነው፤ መገጣጠሚያው ከኢዚ ትራክ የጠነከረ ነው፣ ማያያዣውም ለብቻው ይቀየራል። ነገር ግን ዓይንና ጣት ይፈትናል። የለገሃርን የድሮ ባቡር መሥራት ለሚመኝ ደግሞ ሒሳቡ ይሄ ነው፦ የጅቡቲና የአዲስ አበባ የድሮ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር በ1 ለ87 ሲሰላ 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ለዚያ የሚሆነው ኤችኦኤም የሚባለው ባለ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው፣ ርካሽም አይደለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ በተራው የኤችኦ ሐዲድ ላይ ልክ ይገባል።

ስብስቡን ለአገር ቤት ልጅ የምትልኩ ከሆነ የትራንስፎርመሩን ጀርባ አንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ 220 ሲገባበት ይቃጠላል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የምትቀይረው ትንሿ ማስተላለፊያ ቮልት አትቀንስም፤ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አብራችሁ ላኩ፣ ወይም ከ100 እስከ 240 የሚል የተጻፈበት መቆጣጠሪያ ፈልጉ።