የዱባይ ቸኮሌት ሪቪው፣ ከነኮፒው

ድሮ ከዱባይ ለእረፍት ልገባ ነው ስል የሚታዘዘኝ ሽቶና ስልክ ነበር፣ ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ደወለችና "አክስቴ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ያንን አረንጓዴ ቸኮሌት ብቻ ይዘሽልኝ ነይ" አለች። ያው ቲክቶክ ላይ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ውስጡ የሚዝረከረከው።

ዋናው ፊክስ የሚባለው ነው። ሳራ ሃሙዳ የምትባል ዱባይ የምትኖር ሴትዮ እርጉዝ እያለች ካማራት ነገር ተነስታ በፈረንጆቹ 2021 የጀመረችው፣ በቃ የአምሮት ቸኮሌት በሉት። ከዛ 2023 መጨረሻ ላይ ማሪያ ቬሄራ የምትባል ቲክቶከር መኪና ውስጥ ሆና ስትበላው የቀረጸችው ቪዲዮ አለምን አሳበደ፣ ሊንት የሚባለው ትልቁ የስዊዝ ቸኮሌት አምራች ሳይቀር 2024 ላይ የራሱን አወጣ። ግን ገብተሽ ከሱቅ የምታነሺው ነገር አልነበረም፣ በዴሊቨሪ አፕ በሀበሻ አቆጣጠር 8 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ ይለቀቅ ነበር፣ ወዲያው ያልቅ ነበር፣ በዛ ሰዓት እኔ ስራ ላይ ነኝ ማን ስልክ ያስነካኛል። ጓደኛዬ ቀንቷት ስታገኝ አንድ ቁራጭ ደረሰችኝ እና እውነቱን ልናገር፣ ይጣፍጣል። ውስጡ ያለው ኩናፋ፣ እንደ ክር የቀጠነው ሊጥ፣ በቅቤ ተጠብሶ ቀላ ካለ በኋላ ነው ከፒስታሽዮ (ለውዝ መሰል አረንጓዴ ፍሬ) ክሬምና ከተፈጨ ሰሊጥ ጋ የሚለወሰው፣ ለዛ ነው ክሬም ውስጥ ተዘፍቆም ኮርሸም የሚለው። ሰሊጡ ደሞ ጣፋጩን ትንሽ ይገታዋል። ጥብሱ ላይ ከሰነፉ ግን አለቀ፣ ሊጥ ሊጥ ይላል።

እኔ ተሸክሜ የሄድኩት የሰነፉበትን ነው። ዋናው ያኔ ወደ 70 ድርሃም ነበር፣ ለዘመድ ሁሉ ማን ይችለዋል ብዬ ከአንድ ሱፐርማርኬት በ20 በ20 ድርሃም አራት ኮፒ ገዛሁ። ጀርባውን ያነበብኩት ቤት ገብቼ ነው፣ ፒስታሽዮው ከስኳሩም ከዘይቱም ኋላ ነው የተጻፈው፣ ብዙ ያለው መጀመሪያ እንደሚጻፍ እያወቅኩ እኮ ነው። እሱ ሳያንስ ሻንጣዬ መኪና ውስጥ ቆይቶ ቀለጠ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ሲረጋ ላዩ ነጭ ነጭ አወጣ። ሻጋታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ለካ የካካዎው ቅባት ነው ወደ ላይ የሚወጣው፣ አይጎዳም፣ ግን ለእንግዳ አይቀርብም።

ቀረበ እንጂ። እማዬ አይታው "ውስጡ ጎመን ነው እንዴ?" ብላ ገረመመችው፣ ረቡዕ ስለነበር ወተት አለው ስትባል ጭራሽ አልነካችውም። እኔ ስኳር በሌለው ቡና አወራረድኩት፣ አንድ ቁራጭ በቂ ነው፣ ሁለተኛው ጉሮሮ ይይዛል። ኮፒውን 10 ላይ 3 እሰጠዋለሁ፣ 3ቱም ለቡናው ነው። ዋናውን የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አትለፉት፣ ለአምስት ሆናችሁ ተካፈሉት።

ልጅቷ ግን መች ለመብላት ፈለገችውና። ስልኳን ደግፋ ማይክ ሰክታ ልትሰብረው ስትል ቀጭ በማለት ፈንታ ተጣጠፈ። ደግማ ሞከረች፣ ተጣጠፈ። በመጨረሻ የእማዬን ዳቦ ቆሎ ማይኩ አጠገብ ቆረጣጥማ ድምጹን ቪዲዮው ላይ ገጠመችው፣ ኮመንቱ ሁሉ "ኦርጅናል ነው በድምጹ ያስታውቃል" ነው የሚለው።