የአክስቴ ብልቃጥ

ከሲያትል የመጣሁት ለእናቴ ሙት ዓመት ነው፤ ለሦስት ሳምንት ብቻ። ደብረ ማርቆስ በገባሁ ማግስት አክስቴ ጓዳ ጠርታ ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት አስነካችኝ። «አያመኝም እኮ» አለች። እኔን ያስፈራኝ አለማመሙ ነው።

ናሙናውን የወሰደልን አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ምርመራው አዲስ አበባ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ዓባይን ተሻግሮ ነው የሚሠራው። «በ10 ቀን ይደርሳል» ብለው አስከፈሉኝ። በ10ኛው ቀን «ነገ» አሉ። በነጋታው «ሲስተም የለም»። ስልክ ማንሳትም አቆሙ። በ18ኛው ቀን ጥበቃውን አልፌ ገባሁ። ናሙናው ያለባት ብልቃጥ መስኮት ላይ ቁጭ ብላለች! የአክስቴ ስም ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ፈስሶበት ግማሹ ደብዝዟል። «የሚሄድ ሰው አጥተን ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ። ትኬቴን አራዘምኩና ብልቃጧን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጉያዬ ውስጥ አድርጌ በሚኒባስ ራሴ ወሰድኳት። ውጤቱ በስድስት ቀን ወጣ። ካንሰር ነው።

በኋላ ስሰማ የጎረቤታችን ልጅ ለዚያው ምርመራ የከፈለችው ግማሹን ነው። ያስወደደው የለበስኩት የሲያትል ኮት ነው መሰለኝ።

ቀዶ ጥገናው ባሕር ዳር፣ የመንግሥት ሆስፒታል ሆነ። ወጣቱ ሐኪም ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይነሳ ሲል ተቆጣሁ። ሲያትል የሥራ ባልደረባዬ እብጠቱ ብቻ ነው የወጣላት። እሱ ግን ሳይሰለች ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። እብጠቱ ብቻ ሲወጣ የጨረር ሕክምና ይከተላል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሳምንታት። ለረጅም ዓመታት በአገሩ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። አሁን ሌላም ቦታ ቢጀመር ወረፋው አይጣል ነው። ወረፋ ሲጠበቅ ደግሞ በሽታው አይጠብቅም።

አክስቴ ከእኔ ቀድማ ገባት። «አዲስ አበባ ማን ቤት ልከርም? ውሰደው ልጄ፣ ድንግልን!»

ሲያትል ቢሆን ከቀዶ ጥገናው በፊት ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር ሐኪሙና የጨረር ሐኪሙ ተቀምጠው ይመክራሉ። እኛ የሦስቱንም ምክር ያገኘነው ከዚህ አንድ ልጅ ነው። ቁስሏን ራሱ እየመጣ ያይላት ነበር። እግዜር ይስጠው።

ናሙና የምትሰጡ ሁሉ፣ መቼና በማን እጅ እንደሚሄድ አስጽፉ። ደረሰኝም አትጣሉ። እኔ የእኔን ይዤ ገንዘቤን ልጠይቅ ክሊኒኩ ተመልሼ ነበር። ሒሳብ ያዥዋ ምሳ ወጥታለች አሉኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።